በጣና ዳርቻ የልብ ምት መዛባት፦ ከጉሮሮ ሕመም እስከ ስትሮክ

የልብ ምት መዛባት በዓለም ላይ እየተስፋፉ ከመጡ የጤና ችግሮች አንዱ ነው። ከዓይነቶቹ መካከል በስፋቱ ጎልቶ የሚጠቀሰውና በሕክምናው ዘርፍ አትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ሕመም ብቻውን ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንዳጠቃ ዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ግምቶች ያመለክታሉ። ሕመሙ በበለጸጉት አገሮች በአመዛኙ ከዕድሜ መግፋት፣ ከደም ግፊትና ከውፍረት ጋር ተያይዞ የሚመጣ የአረጋውያን ችግር ተደርጎ ይታያል። በኢትዮጵያ ግን ችግሩ ሌላ ገጽታም አለው። በርካታ ታማሚዎች በምርት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ወጣቶችና እናቶች ሲሆኑ፣ የሕመማቸውም መነሻ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ነው።

ይህ ልዩነት ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ሕመሙ የሚጀምረው በልጅነት እንደመሆኑ መከላከያውም የሚገኘው በትምህርት ቤት፣ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ነው። የሕክምና ክትትሉም ታማሚው በየወሩ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ሊገኝ ይገባዋል። በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ሲቃኝ፣ የብዙዎችን ሕይወት የሚወስነው የመሣሪያ ውድነት ሳይሆን የመድኃኒት አቅርቦት፣ የምርመራ ቅርበትና የምዝገባ ሥርዓት መሆኑን መገንዘብ ይቻላል። እነዚህ ደግሞ በወረዳ፣ በዞንና በክልል ደረጃ የሚሠራባቸው የአስተዳደር ጉዳዮች ናቸው።

የሕመሙ ምንነት

ጤናማ የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ በተመጣጠነ ሁኔታ ይመታል። ምቱን የሚመራው በልብ የላይኛው የቀኝ ክፍል የሚገኝ፣ ደካማ የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያመነጭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። መልእክቱ ከላይኛው የልብ ክፍሎች ወደ ታችኞቹ በሥርዓት ሲተላለፍ ልብ ደምን በአግባቡ ይረጫል።

በአትሪያል ፊብሪሌሽን ወቅት ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በአንድነት ከመኮማተር ይልቅ ያለ ቅጥ ይርገበገባሉ። በዚህም ሳቢያ የእጅ የደም ሥር ሲዳሰስ ምቱ አንዴ የሚፈጥን፣ አንዴ የሚዘል፣ በጥቅሉ ሥርዓት የሌለው ሆኖ ይገኛል። ታማሚው ልቡ እንደሚደልቅ፣ ትንፋሽ እንደሚያጥረውና እንደሚያዞረው ይናገራል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ምልክት ሳይሰማው ለዓመታት ይኖራል።

የሕመሙ ዋነኛ አደጋ ከድልቂያው ይልቅ በተርገብጋቢው የልብ ክፍል ውስጥ ደም ተኝቶ መርጋቱ ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያስከትላል። አትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድሉ አምስት እጥፍ ነው። ሕመሙ ከግራ የልብ ክዳን ጥበት ጋር ሲደመር ግን አደጋው ወደ 17 እጥፍ ከፍ እንደሚል በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ለረጅም ዓመታት የተካሄደው ጥናት አሳይቷል። በጣና ዙሪያ በተለይ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

የስርጭቱ መጠን

በኢትዮጵያ የልብ ምት መዛባትን ስርጭት በኅብረተሰብ ደረጃ የለኩ ጥናቶች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለኅትመት የበቃውና በጅማ ከተማ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 634 ነዋሪዎችን ያካተተው ጥናት፣ 4.3 በመቶ የሚሆኑት አትሪያል ፊብሪሌሽን እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህ ማለት በዚህ የዕድሜ ክልል ከሚገኙ 100 ሰዎች መካከል ከአራት በላይ የሚሆኑት ለስትሮክ የሚያጋልጥ የምት መዛባት ይዘው በመደበኛ ኑሯቸው ላይ ይገኛሉ ማለት ነው።

ለምት መዛባት ከሚያጋልጡ ሁኔታዎች አንዱ የደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። በዚያው ዓመት በወጣ ጥናት ደግሞ በባሕር ዳር ከተማ ከአራት አዋቂዎች አንዱ ገደማ የደም ግፊት ታማሚ ሆኖ ተገኝቷል። የእንቅርት ሕመምም የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ እንዲሠራ በሚያደርግበት ጊዜ የልብ ምትን ያዛባል።

ይሁንና ወጣቱን የሚያጠቃው ዋነኛው መነሻ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በኢትዮጵያ በስድስት አካባቢዎች 3 ሺህ 238 ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከ1 ሺህ ተማሪዎች መካከል 19 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አረጋግጧል። አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ሕፃናት ምንም ምልክት ሳይታይባቸው የሚማሩና የሚጫወቱ በመሆናቸው ያለ ምርመራ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

በ46 አገሮች 15 ሺህ 400 የአትሪያል ፊብሪሌሽን ታማሚዎችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ምዝገባ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። በሰሜን አሜሪካ ከተመዘገቡት ታማሚዎች ሩማቲክ የልብ ሕመም የነበረባቸው 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ግን ከአምስቱ ከአንድ በላይ ነበሩ። የአፍሪካ ታማሚዎች በዕድሜም ከሌሎች አካባቢዎች ታማሚዎች ከአሥር ዓመት በላይ ያንሱ ነበር። በአንድ ዓመት ክትትል ውስጥም ከፍተኛው የስትሮክ መጠን የተመዘገበው በአፍሪካ ነው።

ከጉሮሮ ወደ ልብ

የሕመሙ ሰንሰለት የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ አማካይነት በሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሕመሙ በወቅቱ በአግባቡ ካልታከመ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያዎችና ልብ ማጥቃት ይጀምራል። ይህ ሁኔታ በተደጋገመ ቁጥር የልብ ክዳኖች ይጠባሳሉ፣ ይጠብባሉ ወይም ያፈሳሉ። የግራው ክዳን ሲጠብ ከበስተኋላው ያለው የልብ ክፍል ደም ስለሚጠራቀምበት ይለጠጣል። የተለጠጠው ክፍል ደግሞ ከዓመታት በኋላ መርገብገብ ይጀምራል። በስምንት ዓመቱ ጉሮሮውን የታመመ ሕፃን በሠላሳ ዓመቱ በስትሮክ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ባክቴሪያው የሚተላለፈው በትንፋሽና በንክኪ እንደመሆኑ የመኖሪያ መጨናነቅ ስርጭቱን ያባብሰዋል። በአንድ ክፍል በርካታ ቤተሰብ የሚያድርባቸው ቤቶች፣ ተማሪ የበዛባቸው የመማሪያ ክፍሎች፣ እንዲሁም በገዳማትና በአድባራት አጠገብ በጠባብ ጎጆዎች የሚኖሩ የቆሎ ተማሪዎች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ጣና ሐይቅና ዙሪያው ደግሞ በርካታ ጥንታውያን ገዳማትና የአብነት ትምህርት ቤቶች የሚገኙበት ነው።

በሌላ በኩል በአካባቢው የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም በተለምዶ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ የቆዩ ልማዶች ናቸው። እነዚህ ድርጊቶች ባክቴሪያውን የማያጠፉ ከመሆናቸውም በላይ ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ይዳርጋሉ። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስወገድ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ጉዳታቸው ቢነሳም፣ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ልብን እንደሚጎዳ ግን በስፋት አይነገርም።

መድኃኒቱ የቆየና ርካሽ ነው። በባክቴሪያው ሳቢያ የመጣን የጉሮሮ ሕመም ለማከም አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃል። ልቡ የተነካ ልጅ ደግሞ ይህንኑ መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መውሰድ ይኖርበታል። በሰሜን ኡጋንዳ በ818 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ይፋ የሆነው ጥናት የዚህን ጠቀሜታ በማያሻማ ሁኔታ አሳይቷል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል መርፌውን በየወሩ የወሰዱት በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመማቸው የተባባሰው 0.8 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ካልወሰዱት ግን 8.2 በመቶ ነበሩ።

ለመርፌው ተግባራዊነት አንዱ እንቅፋት በባለሙያዎችም በታማሚዎችም ዘንድ ያለው የአለርጂ ሥጋት ነው። ሥጋቱ መሠረት የሌለው ባይሆንም ከባድ አለርጂ እምብዛም የማያጋጥም ክስተት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ ከሚደርሱ ድንገተኛ ሞቶች አንዳንዶቹ ከአለርጂ ይልቅ ቀድሞውኑ በእጅጉ ከተዳከመ ልብ ጋር የተያያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጿል። ለእንዲህ ዓይነት ታማሚዎችም የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲሰጥ ይመክራል። ስለዚህ ተገቢው አሠራር መርፌውን ማስቀረት ሳይሆን ታማሚውን መለየት፣ የአለርጂ ድንገተኛ መድኃኒት ማዘጋጀትና ባለሙያውን ማሠልጠን ነው።

የክትትሉ ፈተና

የምት መዛባቱ ከተከሰተ በኋላ ሕክምናው ሦስት ዓላማዎች አሉት። የመጀመሪያው የልብን ፍጥነት መቀነስ ሲሆን፣ ለዚህም እንደ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ዲጎክሲን ያሉ መድኃኒቶች ያገለግላሉ። ሁለተኛው ደም እንዳይረጋ ማድረግ ነው። ሦስተኛው መነሻውን ማከም ሲሆን፣ ይህም የደም ግፊትን መቆጣጠርን፣ የታይሮይድ ሕመምን ማከምንና የጠበበውን የልብ ክዳን ማስፋትን ወይም መቀየርን ያጠቃልላል።

ከሦስቱ ሕይወትን በቀጥታ የሚያተርፈው፣ ግን በአካባቢው ለመተግበር እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ሁለተኛው ነው። በተለምዶ ደም ማቅጠኛ የሚባለው ዋርፋሪን መጠኑ ሲያንስ ስትሮክን አይከላከልም፤ ሲበዛ ደግሞ ደም ያፈሳል። በመሆኑም አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ መጠበቁ በየጊዜው መረጋገጥ ይኖርበታል። መደበኛ ምርመራው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በሕክምናው መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከዚያ በቀረበ ጊዜ ይደረጋል። አስፕሪን በርካሽነቱ በምትኩ ሲታዘዝ ቢታይም፣ በእነዚህ ታማሚዎች ዘንድ የዋርፋሪንን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ምርመራ የማያስፈልጋቸው አዳዲስ መድኃኒቶች ችግሩን ይፈታሉ የሚል ተስፋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል። ይሁን እንጂ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 አገሮች ከ4 ሺህ 500 በላይ የሩማቲክ የልብ ሕመምና የምት መዛባት ያለባቸውን ታማሚዎች የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ያልተጠበቀ ውጤት አስገኝቷል። ዋርፋሪንንና መሰሎቹን የወሰዱት ታማሚዎች ሪቫሮክሳባን የተባለውን አዲስ መድኃኒት ከወሰዱት ያነሰ ሞት ደርሶባቸዋል፤ የደም መፍሰሱም አልበዛባቸውም። ከጥናቱ ተሳታፊዎች 72 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 50 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚህ በመነሳት ለእነዚህ ታማሚዎች የደም ምርመራውን ወደ ሕዝቡ ከማቅረብ የተሻለ አማራጭ እንደሌለ መናገር ይቻላል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 የተካሄደው የሩማቲክ የልብ ሕመም ምዝገባ ክፍተቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ከተመዘገቡት 3 ሺህ 343 ታማሚዎች የግማሾቹ ዕድሜ ከ28 ዓመት አይበልጥም ነበር። ከአምስቱ አንዱ የምት መዛባት ነበረበት። ደም ማቅጠኛ ሊወስዱ ከሚገባቸው መካከል መድኃኒቱን ያገኙት 70 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ የደም ምርመራ ውጤታቸው በሚፈለገው ክልል ውስጥ የተገኘው ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥም 17 በመቶ ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል።

ይህ አኃዝ በጣና ዙሪያ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የቦታውን አቀማመጥ ማየት ይበቃል። በባሕር ዳር ከተማ ፈለገ ሕይወት አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የስፔሻሊስት ሕክምና ይሰጣሉ። ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። ሆኖም በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላ ወይም በፎገራ ሜዳ የሚኖር አርሶ አደር በየወሩ ለአንድ ጠብታ ደም ምርመራ ጀልባ ወይም መኪና ጠብቆ፣ የሥራ ቀን አጥፍቶና ማደሪያ ከፍሎ መመላለስ ይጠበቅበታል። በክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የተከሰተው የጸጥታ ችግርም ጉዞን አዳጋች አድርጎታል። መንገድ ሲቋረጥ ቀጠሮ ይቋረጣል፤ ቀጠሮ ሲቋረጥ ታማሚው ወይ ያለ መድኃኒት ወይም ያለ ቁጥጥር ይቀራል።

የአካባቢው አኗኗርም ሊጤን ይገባዋል። እንደ ጎመን ያሉ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ኬ ምክንያት የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳሉ። ጾም ሲገባና ሲፈታ የምግብ ዓይነት በድንገት የሚለወጥ በመሆኑ የመድኃኒቱ ውጤትም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። መፍትሔው ጎመን መከልከል ሳይሆን መጠኑን ማመጣጠንና በአጽዋማት መግቢያና መውጫ ምርመራውን ማካሄድ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና የሕመም ማስታገሻዎችም ከዋርፋሪን ጋር ይጋጫሉ። በተጨማሪም መድኃኒቱ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ታማሚ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት የቤተሰብ ዕቅድና የሐኪም ምክር ሊያገኙ ይገባል።

የቀዶ ሕክምናና የፔስሜከር አገልግሎት

ለአንዳንድ ታማሚዎች መድኃኒት ብቻውን በቂ አይደለም። የኤሌክትሪክ መልእክቱ ተቋርጦ ልባቸው እጅግ ቀስ ብሎ የሚመታ ሰዎች ፔስሜከር የተባለ ምት አስተካካይ መሣሪያ በደረታቸው ቆዳ ሥር ይተከልላቸዋል። በአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 ያለውን ጊዜ የዳሰሰ ጥናት፣ የተከላው መጠን በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ሦስት እንኳ እንደማይሞላ አመልክቷል። ይህም ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር 200 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው።

በኢትዮጵያ በዶክተር በላይ አበጋዝ አስተባባሪነት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የራሱን የሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ማዕከሉ ታላቅ አገልግሎት ቢሰጥም ወረፋ የሚጠብቁት ታማሚዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወረፋ መያዝ ለብዙዎች ከአቅም በላይ ነው። በመሆኑም የቀዶ ሕክምና አቅምን ማስፋፋት አስፈላጊ ቢሆንም፣ ታማሚ ወደዚያ ደረጃ እንዳይደርስ መከላከል ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ምን ሊሠራ ይችላል?

አቅጣጫው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ኅብረት አማካይነት አዲስ አበባ ላይ የተሰባሰቡ የልብ ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የሚያስችሉ ሰባት ተግባራትን ዘርዝረው ነበር። ሰነዱም በከተማዋ ስም የአዲስ አበባ መግለጫ ተብሎ ይታወቃል። የታማሚዎች መዝገብ ማቋቋም፣ ጥራት ያለው ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ ማቅረብ፣ ለታማሚ ሴቶች የሥነ ተዋልዶ አገልግሎት መስጠት እንዲሁም ምርመራና ሕክምናን ከማዕከል ወደ ታች ማውረድ ከሰባቱ ውስጥ ይገኛሉ። የዓለም ጤና ጉባዔም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በሕመሙ ላይ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

አገሪቱ አገልግሎትን ወደ ታች በማውረድ ረገድም ልምድ አላት። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር በሆስፒታሎች ብቻ የተወሰነ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በነርሶችና በጤና መኮንኖች እንዲሰጥ ተደርጓል። ጎንደር ሆስፒታልም በዙሪያው ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥልና የልብ ሕመም ታማሚዎች በነርሶች ክትትል እንዲያገኙ ያደረገ ቀደምት ተቋም ነው።

በዚህ ልምድ ላይ በመመሥረት በጣና ዙሪያ ወረዳዎች ሊተገበሩ የሚችሉ እርምጃዎች አሉ። ማንኛውም አዋቂ ለየትኛውም ሕክምና ጤና ጣቢያ ሲመጣ የእጁን የደም ሥር ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ገንዘብ አይጠይቅም። ምቱ የተዛባው ሰው ኢሲጂ በተባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲረጋገጥለት ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች መሣሪያውን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሊይዙ ይገባል። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም አይ ኤን አርን በደቂቃዎች የሚለኩ ትናንሽ መሣሪያዎችም አሉ። እነዚህን በሐይቁ ዳርቻ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ማኖር፣ መመርመሪያ ወረቀታቸውንም በዓመታዊ የግዢ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት የታማሚውን የቀናት ጉዞ ወደ ሰዓታት ያሳጥራል።

የገንዘብ ምንጭን በተመለከተም መሠረቱ ተጥሏል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች መካከል ከጣና ጋር የሚዋሰነው ፎገራ አንዱ ነበር። ዋርፋሪን፣ ፔኒሲሊንና ተከታታይ የደም ምርመራ በመድን ሽፋኑ በተግባር መገኘታቸውን መከታተል የወረዳ አመራሮች ድርሻ ነው። ታማሚው መድኃኒት ጠፍቶ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ የሚገዛ ከሆነ ሽፋኑ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ መምህራንና የሃይማኖት አባቶችም ሚና አላቸው። ጉሮሮውን ያመመውና ትኩሳት ያለው ልጅ በቀናት ውስጥ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ማድረግ የሰንሰለቱን የመጀመሪያ ቀለበት መበጠስ ነው። ጸበል የሚጠመቁ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲጠመቁ ማስተማርም በኤች አይ ቪ ሕክምና የተሞከረና ውጤት ያስገኘ መንገድ ነው።

በጥቅሉ፣ በጣና ዳርቻ የልብ ምት መዛባት የሚያስከትለው ሞትና የአካል ጉዳት በአብዛኛው ሊቀር የሚችል ነው። የአንድ ወጣት እናት በስትሮክ መውደቅ ቤተሰብን ከሚያደኸዩ አደጋዎች ሁሉ የከፋ ሲሆን፣ መከላከያው ግን ከፔኒሲሊን መርፌ፣ ከዋርፋሪን ክኒን፣ ከአንድ የጣት ደም ምርመራና በአግባቡ ከተያዘ መዝገብ አያልፍም። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ቀጣይ ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ በወረዳቸው ስንት ሰው ዋርፋሪን እንደሚወስድ፣ ከእነዚህም ስንቱ ባለፈው ወር እንደተመረመረ ቆጥረው ቢነሱ፣ የቀሪውን ሥራ ስፋት ቁጥሩ ራሱ ያሳያቸዋል።